ቀይዋ መብራት ሳትበራ

እናቴ ባለፈው ክረምት ዐረፈች። ይህን ገጠመኝ እስከ ዛሬ አፌን ይዤ የኖርኩት በእሷ ምክንያት ነበር። አሁን የምትሰማው እሷ ስለሌለች እናንተ ስሙኝ።

ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ ካሜራማን ነበርኩ። ሙሽሮችን ጣና ዳር አቁሜ «ዐይን ለዐይን ተያዩ! አሁን ደግሞ ሣቁ!» እያልኩ የምውል፣ ራሴን ግን የፊልም ባለሙያ አድርጌ የምቆጥር ጉረኛ ቢጤ። የምሠራበት ስቱዲዮ ፊልም የሚሠሩበትን ዓይነት ዲጂታል ካሜራ በቅርቡ አስገብቶ ነበር። ከባድ ነው፤ ባትሪው ብቻ የጡብ ግማሽ ያህላል። እንደ ተራ ካሜራ ቁልፉን ሲነኩት ቦግ አይልም። መጀመሪያ ሆዱ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ይነሣል፣ ቀጥሎ የፋብሪካው አርማ ማያው ላይ ይመጣል፣ ሥዕል የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ እንደ ልጅ ነበር የምንከባከበው።

አባቴ መሪጌታ ፈንታ ጋይንት ውስጥ የድጓ መምህር ነበሩ። እዚያው ጋይንት ካለው የድጓ ማስመስከሪያ፣ ከቤተ ልሔም፣ ገብተው የተመሰከረላቸው፣ ድምፃቸው ከቅኔ ማኅሌት ወጥቶ ማዶ አጨዳ ላይ ያለውን ሰው ቀና የሚያደርግ። እኔም ልጅ ሆኜ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ ነበር። ቤት ስሆን «አባዬ»፣ ጉባኤ ስቀመጥ «የኔታ» እያልኩ ጾመ ድጓ ጀመርኩና ሳልጨርሰው ወደ አስኳላው ሄድኩ። አንድም ቀን አልተቆጡኝም። አንድም ቀን ግን ነገሩን አንሥተውልኝ አያውቁም፤ ለእኔ ከቁጣው የከበደኝ እሱ ነው።

ጥቅምት ላይ እናቴ ጎረቤት ስልክ ተውሳ ደወለች። የአባቴ ደረት ከብዷል፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰዷቸው ብለዋል።

«ልጄ ሐዲስ፣» አለችኝ፣ «መጥተህ ድምፃቸውን ያዝልኝ። ዜማውንማ ተማሪዎቻቸው ወስደውታል። እኔ ምን ይዤ ልቀር ነው?»

ካሜራውን አስፈቅጄ መንገድ ጀመርኩ። አርብ ገበያ ከተማ ላይ ከመኪና ከወረድኩ በኋላ ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በአህያ ጫንኩት። ገብሱ ደርሷል፤ አደዩ ገና አልረገፈም። ዘመነ ጽጌ አባቴ በጣም የሚወዱት ወቅት ነበር።

ቤት ስደርስ መደብ ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ከስተው ጋቢያቸው ብቻ የተቀመጠ መስሎኝ ክው አልኩ። እንዳያውቁብኝ ቶሎ ብዬ ካሜራውን በሦስት እግሩ ተከልኩትና አበራሁት። ማራገቢያው ተነሣ፣ አርማው መጣ፣ የአባቴም ፊት ማያው ላይ ወጣ። ለሙከራ መቅጃውን ነካሁና ማያውን ወደ እሳቸው አዞርኩላቸው።

«ይኼ ሽማግሌ ማነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎታ፣ አባዬ!»

«ሐሰት! እኔ እንዲህ አላስጠላም።» ሣቁ። ሣቃቸው ወዲያው ሳል ሆነ።

ሳሉ ሲለቃቸው ከካሜራው ፊት ያለችውን ትንሽ መብራት በጣቴ አሳየኋቸው። «ይቺ ቀይ መብራት ስትበራ ነው የሚናገሩት የሚገባው። ካልበራች ሁሉም ባዶ ነው።»

«ልክ እንደ ተማሪ ነዋ፤» አሉ። «ልቡ ካልበራ ዜማውን ቢቀጽሉለት፣ ቢደጋግሙለት አይገባው።»

«እንግዲያ ይጀምሩ፣ በርታለች።»

«አሁን ተወው ልጄ። ነገ ጠዋት ይሻላል። ጠዋት ድምፄ ይከፈታል።»

አጠፋሁት። እራት በልተን ስናበቃ ካሜራውን ትክ ብለው አዩና «ይኼ ዕቃ እስከ ዛሬ የት ነበር የሚውለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሠርግ ቤት ነው፣ አባዬ።»

«ዘፈኑንም እስክስታውንም ይቀበላል?»

«ሁሉንም ይቀበላል።»

«እህ፤» አሉ። እኔም ነገሩን ከቁም ነገር ሳልቆጥር ተኛሁ።

በማግስቱ ማልጄ ወደ ጉብታው ወጣሁ። ስልክ የሚሠራው እዚያ ብቻ ስለሆነ ለስቱዲዮው ሰዎች በሰላም መድረሴን ልነግር ነው። ስመለስ እናቴ ካሜራውን በነጭ ነጠላ ሸፍናው፣ ፊቱም ወደ ምሥራቅ ዞሮ አገኘሁት። ከአቧራ ልትጠብቅልኝ ነው ብዬ በሆዴ መረቅኳት። አባቴ ነጭ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይጠብቁኛል።

እናቴ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «ዛሬ ፊታቸው በርቷል፤ ሲያንጎራጉሩ ሰማኋቸው። ቶሎ በል ልጄ፣ ነገን አላምነውም።»

ነጠላውን ገልጬ ቁልፉን ተጫንኩ።

ምንም የለም።

ደግሜ ተጫንኩ። ማራገቢያውም አርማውም የሉም፤ ድፍን ጨለማ ነው። ባትሪው ይሆናል ብዬ አወጣሁት። ባትሪው ጎን ላይ ያለውን መሞከሪያ ስነካ አረንጓዴዎቹ መብራቶች በሙሉ በሩ፤ ጥግብ ብሏል። ሁለተኛውን ባትሪ አስገባሁ። እሱም እምቢ። አውጥቼ አስገባሁ፤ ቀጭ ብሎ መግባቱን በጆሮዬ አረጋገጥኩ። ከቤት ኤሌክትሪክ ጋር የሚገናኝበት ገመድ ይዣለሁ፤ ግን መብራት የት አለና ነው የምሰካው?

«ምን አለ?» አሉ አባቴ።

«እየተነሣ ነው፣ አባዬ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

«አትቸኩል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ወደ ጉብታው ሮጥኩ። የስቱዲዮው ጠጋኝ ብርሃኑ ስልኩን ሲያነሣ እያለከለክሁ ነገርኩት።

«የተሰካበትን ነገር ሁሉ ንቀል፤» አለኝ። «ማይኩን፣ የሚቀዳበትን ካርድ፣ ሌንሱንም ሳይቀር። አንዱ ተበላሽቶ ኃይል እየሳበ ሊሆን ይችላል። ባትሪውን አውጥተህ ቁልፉን ረዘም አድርገህ ያዘው። ባትሪው የሚያርፍባቸውን ብረቶች ጥረግ። ከዚያ ባዶውን አስነሣው። እርጥበት አልነካውም አይደል?»

«ከየት መጥቶ? ጥቅምት ነው እኮ፣ ጠብታ የለም!»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼኔ ነው።

ወርጄ ያለኝን ሁሉ አደረግሁ። እናቴ ንጹሕ ሰፌድ አቀረበችልኝና የነቀልኩትን ሁሉ እዚያ ላይ ደረደርኩ። የሚቀዳበትን ካርድ ብቻ እንዳይጠፋ ደረት ኪሴ ከተትኩት። ባዶውን አካል ታቅፌ ቁልፉን ያዝኩ፣ ለቀቅሁ፣ ባትሪ አስገባሁ፣ ተጫንኩ። ማራገቢያው እርር ብሎ ተነሣ! አርማው ብቅ አለ! «ተመስገን!» ብዬ ጮኽኩ። እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አርማው ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ማራገቢያውም ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ብጫነው ብጫነው ትንፍሽ የሚል ጠፋ።

የስልኬን መብራት አብርቼ ባትሪው የሚገባበትን ማየት ጀመርኩ። የስልኩ ባትሪ ራሱ ሊያልቅ ነው፤ ድምፁን ቢያንስ በስልኬ እቀዳዋለሁ የሚለው ሐሳብ ግን ከካሜራው ጋር ስታገል ጨርሶ አልመጣልኝም። ጎንበስ ብዬ ጎን ለጎን የተደረደሩትን የብረት ጥርሶች አየሁ። በመሃላቸው የሆነ ነገር ያበራል። በጥፍሬ ነካሁት። ውሃ ነው። ከላይ በማራገቢያው መተንፈሻ በኩል ገብቶ ወደ ውስጥ ወርዷል። ያን ጊዜ ስልኬ ጥፍት አለ።

እርጥብ ጥፍሬን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት። አባቴ ማቀርቀሬን ተስፋ መቁረጥ አድርገው ወሰዱት መሰለኝ፣ ሊያጽናኑኝ ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«አይዞህ፣ ይነሣል። ጠዋት አንተ ስትወጣ ጠበል ረጭቼበታለሁ። ዘፈን ሲቀበል የኖረ ዕቃ እንዲያው ድጓ አይሸከምም ብዬ ነው። ጸሎቱንም አድርሼለታለሁ።»

«ገና ወፍ ሳይንጫጫ ወርጄ ያመጣሁት እኮ ነው፤» አለች እናቴ። ፊቷ ላይ ኩራት አለ። «ከአናቱ እስከ እግሩ አዳረሱት። ከዚያ በነጠላዬ ሸፈንኩት።»

ምን ልበል? አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ ለሁለቱም መርዶ ነው። ድምፃቸውን እንዲይዝ የተጓጓለትን ዕቃ ያሰናከለው የገዛ ራሳቸው ቡራኬ መሆኑን ለአባቴ እንዴት ልንገራቸው? ጠበሉን በጨለማ ወርዳ የቀዳችው እናቴስ ምን ይዋጣት?

«ደግ አድርገዋል፣ አባዬ፤» አልኩ።

ውሃ የገባበት ካሜራ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ መዋል፣ ማደር፣ ምናልባትም መሰንበት አለበት። አባቴ ግን ትንፋሻቸው እያጠረ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቀጥ ብሎ የቆየው ጀርባቸው እየጎበጠ ሄደ። እናቴ ዐይኗን ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ ታመላልሳለች። ጎረቤት ልሂድና ስልክ ልዋስ ብዬም አሰብኩ፤ በዚያ ሰፈር ያሉት ስልኮች ግን ከመደወል በቀር ሌላ የማያውቁ ነበሩ።

«ልጀምር እንዴ?» አሉ አባቴ። «ኋላ ይደክመኛል።»

ካሜራውን ከሰፌዱ ላይ አነሣሁ። ሌንሱን መለስኩ፣ ማይኩን ሰካሁ፣ ባትሪውን አስገባሁ፣ ሦስት እግሩ ላይ አሰርኩት። ቁልፉን በጣቴ ነካ አደረግሁና ዐይኔን ማያው ላይ ለጠፍኩ።

«ይጀምሩ፣ አባዬ።»

«በርቷል?»

«በርቷል።»

የካሜራውን ፊት ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ አማተቡ፤ መቋሚያቸውን አቆሙና በግእዙ ዜማ ጀመሩ።

እንዴት አድርጌ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ያ የከሳ ደረት ያን ድምፅ ከየት እንዳወጣው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። መጀመሪያ ሻከር አለ፤ ቀስ እያለ ጠራ። ወደ ዕዝሉ ሲገቡ ልጅ ሆኜ ጎጆ ውስጥ ከእሳቱ ባሻገር የሰማሁት ድምፅ ራሱ መጣ። እኔ የረሳሁትን እያንዳንዱን ጭረትና ድፋት አንድም ሳያጓድሉ አለፉበት። ሳል ሲመጣባቸው ቆም ይላሉ፣ ይውጡታል፣ ከተዉበት ይቀጥላሉ። እናቴ ምሰሶውን ተደግፋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔ ማያው ላይ የማየው ጨለማ ብቻ ነው። ቀና ካልኩ እንባዬን ስለሚያዩብኝ ከጨለማው ጋር ተጣብቄ ቆምኩ። ድምፃቸው በጆሮዬ ገብቶ የትም ሳያርፍ ሲበተን ይታወቀኛል። «ያዘው፣ ያዘው» እያልኩ ራሴን እለምናለሁ፤ እንዲያ ያለውን ነገር ግን ለመያዝ የተማረ ጆሮ ይፈልጋል፣ የእኔ ደግሞ ከተማ ነበር የሰነበተው።

አራራዩን ፈጸሙና መቋሚያቸውን አጋደሙት።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገባ፣ አባዬ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም ገባ።»

«እንግዲህ ይብቃኝ፤» ብለው ጋደም አሉ።

በማግስቱ ድምፃቸው አልወጣም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። እሑድ፣ ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ እጃቸው እናቴ እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፤ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው እያለቀሱ ዜማ አሉላቸው። ዜማው የእሳቸው ነው፣ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነበር። እኔ አልቅሼ አልወጣልኝም። ለቀስተኛው «ድምፃቸውን ይዘህላቸዋል አሉ፤ ምንኛ ታደልክ!» እያለ ሲያጽናናኝ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ካሜራው ያን ሁሉ ቀን ተከፋፍቶ ቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ነበር። ሣልስቱ ከወጣ በኋላ ይዤው ገባሁና ሰው ሲወጣልኝ ባትሪውን አስገብቼ ተጫንኩት። ማራገቢያው ተነሣ። አርማው መጣ። አልጠፋም። ሥዕሉ ሲወጣ ሌንሱ የሚያየው የአባቴን ባዶ መደብ ነበር። ያን ጊዜ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ተናድጄበትም ነበር፤ «አሁን ምን ልታደርግ ተነሣህ?» ብዬ የጮኽኩበት አይረሳኝም።

ካርዱን ከኪሴ አውጥቼ ከተትኩት። ውስጡ አንድ ነገር ነበር፤ የመጀመሪያዋ ምሽት ሙከራ። ከፈትኩት። አባቴ ወጡ። «ይኼ ሽማግሌ ማነው?» አሉ፣ ሣቁ፣ ሳሉ፣ ስለ ተማሪ ልብ አወሩ፣ «አሁን ተወው ልጄ። ነገ ጠዋት ይሻላል። ጠዋት ድምፄ ይከፈታል» አሉና ጨለመ። ከአባቴ ድምፅ ለዚህች ምድር የቀረው ይኼው ነው።

ዞር ስል እናቴ በር ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣» አልኩ፣ «ድጓው…»

«አውቃለሁ፤» አለች። መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «እሳቸውም ያውቁ ነበር።»

የምትለው አልገባኝም።

«ያን ዕለት አንተ ከቤት ስትወጣ ነገሩኝ። 'ቀይዋ መብራት አልበራችም' አሉኝ። 'ታዲያ ምነው ያንን ሁሉ ደከሙ?' ብላቸው፣ 'ጉባኤዬን ትቶ ከሄደ ወዲህ ፊቴ ቆሞ እስከ ፍጻሜ የሰማኝ ዛሬ ነው። መብራት አልበራም ብዬ ላቋርጠው?' አሉኝ።» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ውሸትህንም ወደውልሃል። 'ሊያሳዝነኝ አልፈለገም' ብለው ሣቁ።»

እጇን ያዝኩ። ቆይታ ወደ ካሜራው ተመለከተች፤ እየሠራ፣ ባዶውን መደብ እያሳየ ነው።

«ግን ያን ዕለት ምን ነክቶት ነው እምቢ ያለው?»

«ብርዱ ነው፣ እማዬ። ደጋ አይለምድም።»

«ወይ ጉድ!» አለች ራሷን እየነቀነቀች። «ጠበል ተረጭቶ እንኳ?»

«ተረጭቶ እንኳ፣ እማዬ።»

እንግዲህ እስከ ዛሬ የያዝኩት ምሥጢር ይህ ነው። ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ። እኔ እንደሆንኩ ዛሬም ብትጠይቀኝ ብርዱ ነው የምላት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ቀርጫለሁ። ካሜራ ይዛችሁ የምትውሉ ካላችሁ፣ ውሃ የነካውን ዕቃ ቁልፍ ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ ባትሪውን አውጥታችሁ አድርቁት፤ ይህን ያስተማረኝ መከራ ነው። ለቀራችሁት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እኔ ዛሬ አንድ ሽማግሌ ፊት ስቀመጥ ካሜራውን አላበራም። መጀመሪያ አንድ ጊዜ በባዶ ጆሮዬ እስከ መጨረሻ እሰማቸዋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ጊዜ ታባክናለህ ይሉኛል፤ እኔም ልክ ናችሁ እላለሁና እሰማለሁ። እሑድ እሑድም ከልጆች ጋር ተደባልቄ ጾመ ድጓ ጀምሬያለሁ። በዚህ ዕድሜ ምላሴ አልታዘዝ ብሎኝ ልጆቹ ይሥቁብኛል። ዕዝሉ ላይ ስደርስ ሆዴ ይባባና አቋርጣለሁ። ተጽናናሁ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ያ ድምፅ ቀርቶብኛል፣ አይመለስም።

ያቺን የምሽት ቅጂ በኋላ ለእናቴ በገዛሁላት ስልክ ላይ ጭኜላት ነበር። ማታ ማታ ትከፍታታለች። አባቴ «አሁን ተወው ልጄ። ነገ ጠዋት ይሻላል» ሲሉ እሷ ሁልጊዜ አንድ መልስ አላት፦ «እሺ፣ እንግዲያ ይረፉ» ትላለች፤ ከዚያ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትተኛለች። አሁን ስልኳ እኔ ዘንድ ነው። እከፍተዋለሁ፣ አባቴ ያንኑ ይላሉ። መልስ እንዳያጡ ብዬ «እሺ፣ ይረፉ» የምላቸው እኔ ነኝ።